መጋላ ወይስ ሳቢያን? ልጆች ይዘን በድሬዳዋ ሰፈር ስንመርጥ ያየነው

ድሬዳዋ ውስጥ ልጆች ይዞ ቤት የሚፈልግ ሰው ጥያቄው ብዙ ጊዜ አንድ ነው። መሀል ከተማ፣ መጋላ ወይም ከዚራ ወይም ለገሃሬ፣ ጠበብ ያለ ቤት ይዞ መኖር ይሻላል ወይስ ወደ ሳቢያን፣ ከሳቢያንም ወዲያ ወደሚገነቡት አዳዲስ መንደሮች ወጥቶ ሰፋ ያለ ግቢ መያዝ? እኔና ባለቤቴ ይህንን ጥያቄ ረዘም ላለ ጊዜ ስናወጣና ስናወርድ ቆይተን በመጨረሻ ወስነናል። የእኛ ውሳኔ ለሁሉም ይሆናል ብዬ አልጽፍም። ነገር ግን ቤት ስንፈልግ የጠየቅናቸውና ያየናቸው ነገሮች፣ በተለይ ከሌላ ከተማ በሥራ ዝውውር ወደ ድሬ ለሚመጡ ቤተሰቦች፣ እንደሚጠቅሙ አምናለሁ።

ሁኔታችን ይህ ነው። ሁለት ልጆች አሉን፤ ትልቋ አንደኛ ደረጃ ትማራለች፣ ትንሹ ገና ኬጂ ነው። ሁለታችንም የምንሠራው ከዚራ አካባቢ ነው፤ የልጆቹም ትምህርት ቤት ከዚያ ብዙ አይርቅም። እናቴ የምትኖረው መጋላ፣ እኔ ተወልጄ ባደግሁበት የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ በ1967 ዓ.ም. በወጣው የትርፍ ቤት አዋጅ ከተወረሱት አንዱ ሲሆን ኪራዩ ከግለሰብ ቤት ኪራይ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። እኛ ደግሞ እዚያው መጋላ ውስጥ ከእናቴ ቤት ጥቂት በሮች አልፎ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ትንሹ ልጅ ሲመጣ ክፍሎቹ አልበቃን አሉ፤ ጥያቄውም ያኔ ተነሣ።

ሰው ሰፈር ሲያነጻጽር አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጥረው የክፍሉን ብዛት፣ የግቢውን ስፋትና የኪራዩን መጠን ነው። በድሬዳዋ ግን ከእነዚህ ሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ቀትር ላይ ልጆቹ የት እንደሚሆኑ ነው ብዬ አምናለሁ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ የምትገኝ ቆላ ናት። በደንገጎ ዳገት ወጥቶ ሐረር የሚገባ ሰው ወደ 1,900 ሜትር ስለሚጠጋ ቀትር ለእርሱ እንደማንኛውም ሰዓት ነው፤ ልጁ ከትምህርት ቤት በእግሩ ቢመለስ ምንም አይሆንም። ድሬ ላይ ግን በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ያልፋል፤ ከ6 ሰዓት ጀምሮ ሱቆች ይዘጋሉ፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ ይገባል። ሥራም ሆነ ገበያ እንደገና የሚንቀሳቀሰው ፀሐይ ስታዘነብል ነው። ትንንሾቹ ልጆች ከትምህርት ቤት የሚለቀቁት ደግሞ በዚያው በቀትር ሰዓት ነው። ስለዚህ ከ6 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ልጆቹን ማን ይቀበላቸዋል፣ በምን ተጉዘው ይደርሳሉ፣ የሚያርፉትስ ምን ዓይነት ጣሪያ ሥር ነው? እኛ የቤት ፍለጋውን በሙሉ የመራነው በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ነው።

ከጣሪያውና ከግድግዳው ልጀምር። ከዚራ የተሠራችው የባቡር ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ከደረሰ በኋላ፣ ለባቡሩ ሠራተኞችና ለንግዱ ተብሎ በፈረንሳዮች ፕላን ነው። የቆዩት ቤቶቿ ግድግዳ ወፍራም ነው፣ ኮርኒሱ ከፍ ያለ ነው፣ ፊት ለፊት ጥላ የሚሆን በረንዳ አላቸው፤ መንገዱ ላይ ያሉት ትልልቅ ዛፎችም ፀሐዩን ያስቀራሉ። መጋላም ውስጥ ያሉት የድሮ የድንጋይ ቤቶች፣ ጠባብ ቢሆኑም፣ ቀትር ላይ ሲገቡባቸው ቀዝቀዝ ያሉ ናቸው። ዳር ላይ የሚሠሩት አዳዲስ ቤቶች ግን በአብዛኛው የብሎኬት ግድግዳ፣ ዝቅ ያለ ኮርኒስና ቆርቆሮ ናቸው። ሲታዩ ያምራሉ፤ ሴራሚካቸው ያበራል፣ መስኮታቸው ሰፊ ነው። ዛፍ ግን ገና አልበቀለባቸውም።

አከራዮችና ደላሎች ቤት የሚያሳዩት ጠዋት ነው። እኛ ደግሞ የወደድነውን ቤት ሁሉ ከ10 ሰዓት በኋላ ተመልሰን እንድናየው እንጠይቅ ነበር። ከሳቢያን ወዲያ ባለ አንድ መንደር ውስጥ ሦስት መኝታ ክፍል ያለው፣ ኪራዩም ከምንከፍለው ብዙ የማይበልጥ ቤት አገኘን። ጠዋት ስናየው ባለቤቴ በጣም ወዶት ነበር። ማታ 2 ሰዓት ገደማ ሄደን የልጆቹ ሊሆን የታሰበውን ክፍል ግድግዳ በእጄ ነካሁት፤ ግድግዳው ወደ ምዕራብ የዞረ በመሆኑ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ቆይቶ እንደ ምጣድ ይፋጅ ነበር። መብራት በሚቋረጥበት ሌሊት፣ ቬንቲሌተርም በማይሠራበት ጊዜ፣ ሕፃን ልጅ እዚያ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ሊወስደው አይችልም። ቤት ለምታዩ ሁሉ የምመክረው ይህንን ነው፤ መኝታ ክፍሉ ወደ የት እንደዞረ እዩ፣ አመሻሽ ላይ ግድግዳውን በእጃችሁ ንኩ፣ ኮርኒሱ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ተመልከቱ።

በሌላ በኩል ለዳርቻው ሰፈር የሚመሰክረው ሌሊቱ ነው። መጋላ ውስጥ ቤቱ ቤት ላይ የተደገፈ፣ ግቢውም የጋራ በመሆኑ ነፋስ እንደልብ አይገባም፤ በሙቀቱ ወራት ልጆቹ ላብ በላብ ሆነው ያድራሉ። የራስ ግቢ ያለው ሰው ግን አልጋውን አውጥቶ፣ አጎበሩን ዘርግቶ ውጭ ይተኛል፤ ይህ የድሬ ሰው የኖረበት ልማድ ነው፣ ሌሊቱም ከክፍል ውስጥ በብዙ ይሻላል። ግቢ ሌላም ጥቅም አለው። ለቁልቢ ገብርኤል በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ከአዲስ አበባም ከሌላም ዘመድ ሲመጣ ሁለት ክፍል ውስጥ ማሳደር ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ የድሬ ሰው ያውቃል።

ልጆቹን ማን ይቀበላቸዋል የሚለው ጥያቄ ለእኛ ከሁሉም የከበደው ነበር። ሁለታችንም በምሳ ሰዓት ወጥተን ልጆቹን ይዘን መቆየት አንችልም። መጋላ ስንኖር ጥያቄው አልነበረም፤ ልጆቹ እናቴ ቤት ይገባሉ፣ ምሳ ይበላሉ፣ ይተኛሉ። እናቴ ብትወጣ እንኳ ጎረቤት አለች። እኔ ራሴ ያደግሁት እንደዚያ ነው፤ የጎረቤቶቻችን በሮች ክፍት ነበሩ፣ ምሳ የት እንደምበላ የሚወስነው የምግቡ ሽታ ነበር ማለት እችላለሁ። ልጄ ዛሬ በዚያ መንደር ስትወጣና ስትገባ ከባለ ሱቁ ጋር ሶማሊኛ፣ ከጎረቤታችን ልጆች ጋር ኦሮምኛ ታወራለች፤ ፊት ለፊት ካሉት አሮጊት ደግሞ የሐረሪኛ ሰላምታ ተምራለች። ይህንን ያስተማራት ትምህርት ቤት የለም፤ የተማረችው ደጃፍ ላይ በመዋል ነው። ዳር ላይ ባየናቸው አዳዲስ መንደሮች ግን አጥሩ ረጅም ነው፣ በሩ የብረት ነው፤ ቀን ቀን ሰው ሁሉ ሥራ ስለሚውል ልጅ ከሠራተኛ ጋር ተዘግቶበት ይውላል። ከጊዜ ብዛት እነዚህም መንደሮች ጉርብትና ማፍራታቸው አይቀርም፤ ትንሽ ልጅ ያለው ቤተሰብ ግን ያንን ጊዜ የሚጠብቀው በራሱ ልጅ ዕድሜ ነው።

መጓጓዣውን በአጭሩ ላንሣ። ከሳቢያን ወደ መሀል ከተማ ቀን ላይ ባጃጅም ታክሲም አይጠፋም። ከዚያ ወዲያ ወዳሉት መንደሮች ግን ከመሸ በኋላ ባጃጅ በኮንትራት ካልሆነ አይሄድም፤ ልጅ ሌሊት ቢያተኩሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። መሀል ከተማ ለሚኖር ድል ጮራ ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ ሳቢያን ለሚኖር ደግሞ የሳቢያን ሆስፒታል አለ። ከሁለቱም በራቀ መንደር ለመኖር የምታስቡ ከሆነ የአንድ የታመነ ባጃጅ ነጂ ስልክ መያዝ ግድ ነው። የልጆች የወር ኮንትራትም ዋጋው ቀላል አይደለም። በእኛ ስሌት ያንኑ ስፋት ያለው ቤት መሀል ከተማ ከመከራየት ይልቅ ወደ ዳር በመውጣት ከኪራይ የምናተርፈውን ግማሽ ያህሉን ባጃጁ ይወስደዋል።

የውሃው ጉዳይ ከባጃጁ በላይ ያሳስበኛል። ድሬዳዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ዋነኛ ሆኖ የቆየው የጉድጓድ መስክም ሳቢያን ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ሳቢያን ውሃ በብዛት እንዳለ ያስባል፤ ነገር ግን ጉድጓዱ ቅርብ ስለሆነ ቧንቧው ሁልጊዜ ይወርዳል ማለት አይደለም። እኛ ካየናቸው ቤቶች ውስጥ ውሃ በፈረቃ የሚመጣባቸው ነበሩ፤ ዳር ላይ ደግሞ መስመሩ ጨርሶ ያልደረሰባቸው፣ ውሃ በቦቴና በጋሪ የሚገዙ አሉ። አከራዩን «ውሃ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ጎረቤት አንኳኩቶ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚመጣ፣ በግንቦት እንዴት እንደሚሆን መጠየቅ ይገባል። ውሃው ካልሲየም የበዛበት ስለሆነ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ ቧንቧንና የሻወር ጭንቅላትንም ይደፍናል። አዲስ መጪዎች በዚህ ይደነግጣሉ፤ በከተማው ሁሉ ያለ ነገር ስለሆነ ግን ለሰፈር ምርጫ መለያ አይሆንም።

ለሰፈር ምርጫ መለያ የሚሆነው የተጠራቀመው ውሃ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ሁሉ በርሜል፣ ጀሪካንና ሮቶ አለ። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ የደንጌ ትኩሳት፣ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻም የቺኩንጉንያ በሽታ ከተማችንን ያዳረሱት በዚህ መንገድ ነው። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ በቤት ውስጥ በተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ላይ ትራባለች፣ የምትናከሰውም በቀን ነው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ወባ በበጋ ተነሥቶ ነበር፤ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝም እንዲሁ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባ ናት። በቺኩንጉንያው ጊዜ ጎረቤቶቻችን መገጣጠሚያቸውን ይዟቸው ከአልጋ መነሣት ሲያቅታቸው አይቻለሁ፤ ስለዚህ ይህንን እንደ ትንሽ ነገር አላየውም። ቤት ስታዩ የሮቶው ክዳን ይገጥም እንደሆነ፣ በጎረቤት ግቢ ክፍት በርሜል ወይም ውሃ የቋጠረ አሮጌ ጎማ ይኖር እንደሆነ ተመልከቱ። ግንባታ የበዛበት አዲስ መንደር ለሲሚንቶ ማቡኪያ ውሃ ስለሚያጠራቅም በዚህ በኩል ከመሀል ከተማ የተሻለ ነው ማለት አይቻልም። ሕፃን ልጅ ቀን ሲተኛም አጎበር ሥር ይተኛ።

ስለ ጎርፍ ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ከዚራንና መጋላን የሚለየው የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነገድበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የመጣው ጎርፍ ግን ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ በድሬ ያንን ሌሊት የማያስታውስ ቤተሰብ የለም። ጎርፉ የሚነሣው በስተደቡብ ካለው ደጋ በመሆኑ ከተማው ውስጥ ጠብ ሳይል ሊደርስ ይችላል። ከዚያ ወዲህ ወንዙ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ ቢሆንም በ2012 ዓ.ም. ሚያዝያም ጎርፍ ሰው ወስዷል። አደጋው የመሀል ከተማ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዳርቻው ያሉ አንዳንድ አዳዲስ ቤቶች የተሠሩት ውሃ በሚወርድባቸው ደረቅ ሸለቆዎች አጠገብ ነው። ኪራዩ ወይም ዋጋው ከአካባቢው ሁሉ የረከሰ ቤት ስታገኙ በመጀመሪያ ሽማግሌ ፈልጋችሁ ውሃው በየት በኩል እንደሚወርድ ጠይቁ።

ለመግዛት ወይም ለመሥራት ለምታስቡ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ከከተማው ዳር «የገበሬ መሬት ነው፣ በረከሰ ዋጋ ውሰዱት» የሚል ሰው አይጠፋም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ሻጩ የሚሰጣችሁ ወረቀት ስንት ምስክር ቢፈርምበት ካርታ አይሆንም፤ በእንዲህ ያለ ቦታ ላይ የተሠራ ቤት ጨረቃ ቤት ይባላል፣ ሊፈርስም ይችላል። ለእኛም እንዲህ ያለ ቦታ ቀርቦልን ነበር። ባለቤቴ ካርታ የሌለው ቦታ ላይ የልጆቻችንን ገንዘብ አናፈስም ብሎ ቁርጡን ተናገረ፤ ስለዚህ መከራየቱን መረጥን።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የወሰድነው ቤት ሳቢያን ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ በእግር ብዙ የማያስኬድ፣ ቆየት ያለ ቤት ነው። ካየናቸው አዳዲስ ቤቶች ያንሳል፤ አንዱ ክፍል እንኳ ሴራሚክ የለውም። ነገር ግን መኝታ ክፍሎቹ ወደ ምሥራቅ የዞሩ ናቸው፤ በምዕራብ በኩል ወጥ ቤቱና ዕቃ ቤቱ ፀሐዩን ይቀበላሉ፣ ግቢው ውስጥም ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። አከራዩ ዛፉን አልቆርጥም ብለው ቃል ሲገቡልን ነው የፈረምነው። ውሃው በፈረቃ ነው፤ ሮቶው ክዳን አለው።

እናቴን አብራን እንድትኖር ጠይቀናት ነበር። እንቢ አለች። «አቦ፣ እኔን ከዚህ አታንቀሳቅሱኝ። እናንተ ሂዱ፤ ልጆቹን ግን ቀን ቀን ለእኔ ተዉልኝ» አለችን። መጀመሪያ ላይ ይህ የሚያስኬድ አልመሰለኝም ነበር፤ ቆይቼ ሳስበው ግን የምንፈልገው ሁሉ በዚህ አባባሏ ውስጥ ነበር። አሁን ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ የሚገቡት መጋላ፣ ወፍራም ግድግዳ ባለው በእናቴ ቤት ነው። ምሳቸውን በልተው ይተኛሉ፤ ሲነሡ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ይጫወታሉ። እናቴም ከቀፊራ ገበያ ስትመለስ የምትጠብቃቸው ልጆች አሏት፤ ቡናዋንም ከጎረቤቶቿ ጋር እንደ ድሮው ትጠጣለች። ፀሐይ ስትበርድ እኔ ከሥራ ስወጣ አንሥቻቸው ወደ ሳቢያን እንሄዳለን፤ በሙቀቱ ወራትም ግቢያችን ውስጥ ነፋስ እየነካን እንተኛለን። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ወደ ሳቢያን በቀትር የሚወስዳቸው ባጃጅ አላስፈለገንም፤ የምንከፍለው ለጠዋቱና ለማምሻው ብቻ ነው። ወደ ከተማው ዳር ለመውጣት የምታስቡ ከሆነ መሀል ከተማ ውስጥ አያት፣ አክስት ወይም የምታምኑት ጎረቤት እንዳላችሁ መጀመሪያ አረጋግጡ። ከሌላችሁ ደግሞ ልጆቹ ነፍስ እስኪያውቁ ድረስ ለትምህርት ቤቱ ቅርብ በሆነ ጠባብ ቤት መቆየትን እኔ እመርጣለሁ።

ይህ አደረጃጀት ዘላቂ እንዳልሆነ እናውቃለን። እናቴ ጉልበቷ እየደከመ ነው፤ ሁለት ልጆች በቀትር መጠበቅ አንድ ቀን ይከብዳታል። ስለዚህ ከአሁኑ ከሁለት የሳቢያን ጎረቤቶቻችን ጋር ተነጋግረናል። አንደኛዋ ቀን ቤት የምትውል የሦስት ልጆች እናት ናት፤ ቤቷም ጥላ ያለው ነው። ትንሹ ልጃችን አንደኛ ክፍል ሲገባ የሦስታችንም ቤት ልጆች ከትምህርት ቤት በአንድ ባጃጅ መጥተው እርሷ ዘንድ ምሳ በልተው እንዲያርፉ፣ እኛም ለምግቡና ለድካሟ በየወሩ እንድናዋጣ ተስማምተናል። በሳምንት ሁለት ቀን ግን ልጆቹ እንደ ልማዳቸው መጋላ ይውላሉ፤ ይህንን እናቴም አጥብቃ ጠይቃለች። አሁን የሚቀረን የባጃጁን ሂሳብ ለሦስት እንዴት እንደምንካፈለው መወሰን ነው።